አርባ አንድ ቋጠሮ

መሪጌታው ጥቁሩን የስፖርት ላስቲክ ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጀመሪያ አላወቀችውም። ከሁለት ሳምንት በፊት ለትከሻቸው ማጠንከሪያ ከዚሁ ከዳባት ክሊኒክ ይዘውት ሲሄዱ ከቁመታቸው ይረዝም ነበር፤ አሁን ከዳር እስከ ዳር ተቋጥሮ ክንድ አክሏል። ያን ቀን ስሱ ቢጫ ይበቃዎታል ብትላቸው፣ «እሱ የሕፃን ነው» ብለው ነበር ጠንካራውን ጥቁር የመረጡት። ዛሬ ትከሻቸው አብጧል። ጸናጽል የሚይዙበት ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልነሣ ብሏል።

«ለምን ቋጠሩት፣ አባ?»

«ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ነው። በሳብኩ ቁጥር አንድ ቋጠሮ እያለፍኩ አንድ እግዚኦ እላለሁ።»

ቋጠሮዎቹን ቆጠረቻቸው። አርባ አንድ ነበሩ።

«እኔ አሥር ጊዜ ነበር ያልኩዎት።»

«እግዚኦታ አሥር ላይ አይቆምም፣ ልጄ።»

ባለሙያዋ ከመሳቢያዋ ቢጫውን ላስቲክ አውጥታ አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት አሰረችና ሌላውን በቀኝ እጃቸው አስያዘቻቸው። የተቋጠረውን በግራቸው አደረገችላቸው።

«በዚህ ይሳቡ፣ በዚያ ይቁጠሩ። አሥር ሲሞላ እጅዎ ይረፍ፤ አፍዎ ይቀጥል።»

አሥር ላይ ቀኝ እጃቸው ወረደ፤ ድምፃቸው ቀጠለ። ተረኛው ታካሚ ከውጭ በሩን አንኳኳ። እሷ ተነሥታ የከፈተችለት ከአርባ አንደኛው እግዚኦ በኋላ ነው።