ማጨሻ በጀርባ

ገብረ ሚካኤል ስልኩን በሶረቲ አፍንጫ ሥር ይደቅናል። "ሥዕሉን እዪ! ዕውር ነሽ እንዴ?"

ሥዕሉን ታውቀዋለች፤ ወር ሙሉ ስታፈጥበት ከርማለች። የጥንት ግሪኮች የሸክላ ዕጣን ማጨሻ ነው፦ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት፣ በራሷ ላይ አበባ የመሰለ የፍም ሳሕን። ገብረ ሚካኤል ሮቤ ከተማ ላይ ለሚከፍተው ሎጅ ሠላሳ እንዲህ ያለ አዟታል፤ የመጀመሪያውን ከወደደ። ሠላሳው ከተሠራ ዝናብ ሥራዋን የማያፈርስባት የቆርቆሮ ዳስ ይኖራታል።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው የሸክላ ሴት ግን ጎብጣለች። ሳሕኑን ያዘለችው በጀርባዋ ነው፤ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያለውን ማንገቻ ጨምድዳ ይዛለች።

ገብረ ሚካኤል እንከን ፍለጋ ፍም አስመጥቶ ዕጣን በትኖበታል። ሸክላው አልተሰነጠቀም፤ ጭሱም በክዳኑ ቀዳዳዎች እንደ ክር ይወጣል። ይበልጥ ያበሸቀውም ይኸው ነው።

"ምን ሆና ነው የጎበጠችው?"

"ተሸክማ ነዋ፣ ጋሼ።"

"በራሷ ነው የምትሸከመው!"

"የግሪኳ። የኛዋ የጎባ ሴት እንጨቱን ከተራራው በጀርባዋ ነው የምታወርደው። ጠዋት ጠዋት እርስዎ የመኪና ጥሩምባ እየነፉባት ያልፉ የለ?"

"ለመሆኑ ማን አስተማረሽ አንቺን?"

"ማንም።"

"ያስታውቃል!" ጣቱን ይቀስርባታል። "ስሚ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እንግዳዬ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የደከማት ሴት ሊያይ አይደለም። ቀና አድርገሻት ተመለሺ፤ ሠላሳውም ያንቺ ነው። እምቢ ካልሽ ሸክላ ሠሪ ሞልቷል።"

ሶረቲ የሸክላዋን ሴት ታያታለች። ገና ያልተሠራውን ዳሷንም በሐሳቧ ታየዋለች፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲንጣጣ።

"እርስዎ ሸክሙን ያውርዱላት፤ እሷ ራሷ ቀና ትላለች።"

"ውሰጂልኝ ይቺን ጎባጣ! አሁኑኑ!"

ፍሙን ለመድፋት አትቆምም። ጋቢዋን አጥፋ ማጨሻውን ታዝላለች፤ ጫፎቹን ደረቷ ላይ ትቋጥራለች። ክዳኑ ከትከሻዋ በላይ ይጨሳል።

ደጁ ሳትደርስ የሸክላው ትኩሳት ጋቢውን አልፎ ይለበልባታል። ጎንበስ ብትል ይቀላት ነበር። ከኋላዋ መስኮት ሲከፈት ትሰማለች፤ እያያት ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ እንደ ግሪኳ ቀጥ ብላ ግቢውን ታቋርጣለች።

አጥሩን ታጥፋ ከዓይኑ እንደተሰወረች ወገቧ ይጎብጣል፤ ሁለት እጆቿ ደረቷ ላይ ያለውን ቋጠሮ ይጨመድዳሉ።