የተቀባው መስኮት

መሮው ይንሸራተትና አውራ ጣቴን ይልጠዋል። ጣቴን ቀሚሴ ላይ እጠርግና ደግሜ እመታለሁ። ልስኑ በትልልቁ እየተቀረፈ ወንድሜ ብርድ ልብስ ላይ ይወርዳል።

«ሂልዳ፣ ሳልሞት ልትቀብሪኝ ነው እንዴ?» ይላል ክሊፎርድ ከአልጋው።

ባሕሩ ወደ ረግረጉ የሚገባበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሸምበቆ ሲያጭድበት የኖረ ሰው አሁን ተኝቶ በጓሮው መስኮት የሚያየው የከሰል ማስቀመጫውን ግድግዳ ነው። እኔ ክፍል ቢተኛ ረግረጉ ፊት ለፊቱ ነበር። ግን አጥንቱ አልቋል፤ አንሶላ ሲቀየርለት እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው።

ስለዚህ መስኮቱን ወደሱ አመጣለሁ። በረግረጉ በኩልም መስኮትማ አለ፤ ተደፍኖ ነው እንጂ። ድሮ ንጉሡ በመስኮት ቁጥር ግብር ሲጥል ነው የደፈኑት እያለ፣ አያታችን ሲረግም ሰምተን ነው ያደግነው። ከውጭ ያለውን ጡብ መስታወት እንዲመስል ጥቁርና ነጭ የምቀባው እኔ ነኝ። ከኔ በፊት እናቴ ትቀባው ነበር።

ቤቱ ቅርስ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ሚስማር ለመምታት እንኳ የቅርስ ቢሮውን ሚስተር ተርክትልን ማስፈቀድ ነው። ጠየቅሁት። በጸደይ ይታያል አለኝ። ክሊፎርድ ጸደይ ይደርሳል ያለው ማነው?

ማን እንደነገረው እንጃ፣ አሁን መኪናው ደጃፍ ቆሟል። በሩን ቆልፌበታለሁ። ለቀለም ብዬ ከውጭ ያስደገፍኩት መሰላል እሱ ሲወጣበት ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል።

ከልስኑ ሥር ያገኘሁት አላማረኝም። ደፍ የለ፣ የእንጨት ፍሬም የለ። ጡቡ ከዳርና ከዳሩ ግድግዳ ጋር እንደ ጣት ተቆላልፎ ነው የተገነባው።

«እሜቴ፣ ስለፈጠረዎ ይተዉት» ይላል ተርክትል ከግድግዳው ወዲያ። «መስኮት ሆኖ አያውቅም። የቤቱ ፊት ግራና ቀኙ እንዲመሳሰል ብለው ሲሠራ ያኔውኑ ያስመሰሉት ነው።»

ክሊፎርድ ይስቃል፤ ሳቁ ሳል ይሆንበታል። «አያቴ ያን ሁሉ እርግማን በከንቱ ጨረሰው» ይላል። ቆይቶ ደግሞ ፊቱን ወደ ከሰሉ ግድግዳ ይመልስና «በቃ እቴ፣ ተይው» ይለኛል።

እጄ አይተውም። ኖራውን ፍቄ ፍቄ የውስጠኛውን ጡብ አወጣለሁ፣ ከኋላው ያለውንም። የመጨረሻው ሲነካ ይነቃነቃል። ከጀርባው የሰው ትንፋሽ ይሰማኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጡቡን ልገፋው ነው። ወይ ውረድ፣ ወይ ተቀበል።»

«ቀስ ብለው ታዲያ» ይላል።

እገፋዋለሁ። ጡቡ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ሲወድቅ ግን አልሰማም። ነፋስ ገብቶ ክፍሉ ጨው ጨውና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። በቀዳዳው የተርክትል ፊት ይታያል፤ ቀልቷል፣ መነጽሩ ኖራ ለብሷል።

ክሊፎርድ ጥርሱን ነክሶ አንገቱን ከትራሱ ቀና ያደርጋል።

«ወንድሜ፣ እስቲ ፈቀቅ በልልኝ» ይለዋል። «ረግረጉን ጋረድከኝ።»

ፊቱ ዞር ይላል። በቀዳዳው ጥግ ክርኑ ብቻ ይቀራል፣ እኔ የቀባሁትን ጡብ እንደታቀፈ። ከክርኑ ወዲያ ውሃው ሸምበቆውን እያጎነበሰ ይገባል።