ደፉ ላይ ያለው ድንበር

ትርሲት ኪጋሊ ተቀምጣ ለኖርዌይ ኩባንያ ትሠራለች። በአዲሱ ሕግ መሠረት፣ በሥራ ሰዓት የምትሠራበት ክፍል የኖርዌይ መሬት ነው። ያለ ቪዛ የክፍሉን በር ደፍ የረገጠ ሁሉ በሕገወጥ መንገድ ድንበር የጣሰ ይባላል፤ የእሷም የመኖሪያ ፈቃድ ወዲያው ይሰረዛል። በር መዝጋትም ክልክል ነው፤ ድንበሩ መታየት አለበት። ይህን ያረቀቁ ሊቃውንት ልጅ የሚባል ፍጡር አይተው አያውቁም!

ባሏ ደርበው ሳሎን ሆኖ ያጨበጭባል።

«ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች! ትርስዬ፣ ምዕራፍን እያት!»

ክፍሏ ውስጥ ሥራ ላይ የነበረችው ትርሲት ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። ልጅቷ ሶፋውን ለቃ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተራመደች ወደ እናቷ ትመጣለች።

«ያዛት!»

«ምን ሆነሻል? እየሄደች እኮ ነው!»

«ደፉን ልታልፍ ነው! ደርበው፣ በፈጠረህ ያዛት!»

ደርበው ያኔ ገባውና ተወርውሮ ተነሳ፤ ግን ሩቅ ነበር። ምዕራፍ ደፉ ጋ ደርሳ፣ እየሳቀች እግሯን አነሳች።

«ቁጭ በይ!» ብላ እናቷ ጮኸችባት።

ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ በቂጧ ወደቀች። የወደቀችው ኪጋሊ ውስጥ ነበር። እሪ ብላ ስታለቅስ ትርሲት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ተመስገን» አለች።