የሐሙሱ ንባብ

ያምሮት በሩን ትገፋዋለች። አይከፈትም፤ ጓጉንቸሩ ከውጭ ተቆልፏል። የእሷ ቁልፍ ትናንት ማታ ስትቸኩል ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ገና ወገግ እያለ ነው። ሌሊቱን በላቦራቶሪ የወባ ስላይድ ስትመረምር ስላደረች ዓይኗ ይቆጠቁጣታል። ተተኪዋ ዛሬ ቀድማ ባትመጣ ኖሮ በዚህ ሰዓት ቤቷ አትደርስም ነበር። ባሏ ይሄይስ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ ማስተማሩ የሚሄድ ይመስላታል።

ድምፁን የምትሰማው ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤት ነው።

መጀመሪያ የሌላ ሰው ይመስላታል። ከዚያ በንባቡ አካሄድ ትለየዋለች። መነሻው ላይ ረገጥ ያደርጋል፣ መሃሉ ላይ ለቀቅ፤ ትንፋሽ ሊወስድ ሲል የመጨረሻውን ቃል ጥቂት ይስበዋል። በድቁና ካገለገለበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያነበው።

ይህን ድምፅ ከቤቷ ያስወጣችው እሷ ናት። መስከረም ላይ ነበር፣ የወባ ሕመምተኛ በበዛበት ሰሞን። ከተረኝነት ገብታ ጋደም ብላለች፤ እሱ ሳሎን ሆኖ የዕለቱን ዳዊት ይደግማል። "ይሄይስ፣ ለአንተና ለፈጣሪህ ከሆነ በልብህ አይበቃም?" አለችው። ጸሎት ጀምሮ ሳይጨርስ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ተናገረ። ጣቱን መሃሉ ላይ እንዳደረገ መጽሐፉን ከደነና "እሺ" አላት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እሷን ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። ምክንያቱን በሻዩ ፈለገችው፣ ሻይ ተወች፤ በመስኮቱ ፈለገችው፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ባለፈው ሳምንት ፍራሹን ገልብጣዋለች።

የጎረቤቷ የእማሆይ እህተ ማርያም በር ገርበብ ብሏል። እማሆይ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንዝርቱን የሚመራው ጣታቸው ብቻ ነው። ይሄይስ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ያለው መጽሐፍ የራሱ አይደለም። ሽፋኑ ቆዳ ነው፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ።

"ማነው?" ይላሉ እማሆይ።

"ያምሮት ነኝ፣ እማሆይ። እንደምን አደሩ? ቁልፍ ፈልጌ ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው እንደ ግብር ሰብሳቢ በር ላይ ቆምሽ? ግቢ እንጂ።"

ትገባለች። ይሄይስ አንዱን መዝሙር ጨርሶ ጣቱን ቀጣዩ መስመር ላይ አሳርፏል። የዕለቱ ስላላለቀ አፉን አይከፍትም፤ በዓይኑ ብቻ ሰላም ይላታል።

"እንኳን መጣሽ፤ ሳላመሰግንሽ እንዳልሞት ስፈራ ነበር" ይላሉ እማሆይ። "የመጀመሪያው ቀን ጠይቄዋለሁ። 'ሚስትህ ማልደህ የት ነው የምትሄደው አትልህም?' ብለው፣ 'እሷው ናት ሂድ ያለችኝ' አለኝ። ባለቤቴ መሪጌታ ከሞቱ ወዲህ እኮ ይህ መጽሐፋቸው ተገልጦ አያውቅም። ዓይኔ ሲጠፋ ቀኑም አብሮ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን ይኸው፣ ሐሙስ መሆኑን ከሱ እሰማለሁ።"

ያምሮት ይሄይስን ታየዋለች። እሱ መስመሩን ያያል።

"ደግሞ ከመሪጌታ ይሻላል። እሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድግስ የተጠሩ ቀን ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ይገልጡ ነበር። 'ዘለሉ እኮ' ስላቸው፣ 'የዘለልኩትን ፈጣሪ ያውቀዋል' ይሉኛል።"

ይሄይስ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ይነክሳል። ያምሮት ይህን ከንፈር ሲነከስ ካየች ቆይታለች።

እኔ አልላክሁትም ልትል ትፈልጋለች። ነገ እቤታችን አንብብልኝ ልትለውም ትፈልጋለች። አንዱ የባሏን ቃል ያፈርሳል፤ ሌላው የእማሆይን ጠዋት ይወስዳል።

"ምን አደረግሁልዎ፣ እማሆይ" ትላለች።

"ይህን ትሕትናሽን አይንሳሽ። በል ልጄ፣ ቀጥል።"

ይሄይስ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ይሰጣታል። የቀላውን ዓይኗን ጥቂት ያየዋል፤ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቃል በድምፅ ይወጣል። ሁለተኛው ዝቅ ይላል። ከሦስተኛው በኋላ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው።

እንዝርቱ ይቆማል። "ምነው ልጄ? ደከመህ?"

ይሄይስ በከንፈሩ ማንበቡን ይቀጥላል። ያምሮት ፊቱን ትመረምራለች። ቂም ብታገኝበት ይቀላት ነበር። የለም። ድምፁን ማጥፋቱን ራሱም አላወቀም፤ ሚስቱ ከተረኝነት ገብታለች፣ ስለዚህ በልቡ ያነባል።

"ልሂድ፣ ልረፍ" ብላ ትወጣለች።

አጥሩን ስታልፍ ድምፁ ከኋላዋ ይመለሳል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ቀድሞው ረገጥ፣ ለቀቅ፣ መጨረሻው ላይ ሳብ።

ደጃፏ ላይ ደርሳ ቁልፉን ወደ ጓጉንቸሩ ታስጠጋለች። አሮጌ ነው፤ ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት እማሆይ ቤት ይደርሳል። እጇን ትመልሳለች። ቁልፉን በመዳፏ እንደጨበጠች ቀስ ብላ ደፉ ላይ ትቀመጣለች።