መሃሉ ሰንበሌጥ

ትራክተሩ በዞረ ቁጥር ሰንበሌጡ ያንሳል። ሹፌሩ ገብረየስ የሚያጭደው ከዳር ጀምሮ እየዞረ ነው። ከኋላ የተገጠመው ማጨጃ ከሆዱ ሥር ቢላዋዎቹን እያሽከረከረ የሰው ቁመት የሚያህለውን ሣር ይውጣል፣ ይተፋል። ጠዋት ከአሞራ ገደል እስከ መንገዱ ይደርስ የነበረው የሣር ጫካ አሁን አንድ ግቢ የማይሞላ ቁራጭ ሆኖ መሃል ላይ ቀርቷል።

ሙሴ እዚያ ውስጥ ነው።

ያስገባችው እናቱ ወርቄ ናት። የአፈሳ ወሬ ስትሰማ ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ልጇን ከአልጋ ጎትታ፣ «ዳር ዳሩን እንዳትሆን፤ መሃል ገብተህ ተኛ። እኔ ካልጠራሁህ ንቅንቅ እንዳትል!» አለችው። ይኸው ቃሏን ሰምቶ ተኝቷል። ቀበሌው ከመንግሥት እርሻ ትራክተር ያስመጣል ብላ በምን ትጠርጥር?

የአብዮት ጥበቃ ልጆች ጠመንጃ ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽበሺ እጁን እያፋተገ፣ «ጥንቸል ሁሉ መሃል ነው የሚሰበሰበው!» ይላል። ሴቶቹ ለቀበሌው አዳራሽ ክዳን የሚሆነውን እየለቀሙ ያስራሉ።

ከወርቄ ጎን ሸዋዬ አለች። ልጇን አምና ከገበያ አፍሰው ወደ ሰሜን ከወሰዱት ወዲህ ደብዳቤም የለ፣ ወሬም የለ።

«ሙሴ የት አለ?» አለች ቀና ሳትል።

«ክብረ መንግሥት፣ አጎቱ ጋ።»

«አዬ፣ የሰው ልጅ አጎት አለው። የኔው ነው አጎት ያጣ!»

ወርቄ የውሃ ጣሳ አነሳችና ቀጥ ብላ ወደ ትራክተሩ ሄደች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተመለሺ! ማጨጃው ድንጋይ ይወረውራል!» ጮኸ ሽበሺ።

መቼ ተመልሳ ታውቃለች! ገብረየስ አቆመ። ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ ያዘችው፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁሉም ይሰማል። መርገጫው ላይ ወጥታ አፏን ጆሮው ሥር ለጠፈች።

«ሙሴ ውስጥ ነው።»

ገብረየስ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ።

«እኔም ልጆች አሉኝ፣ እትዬ ወርቄ» አለ። ጣሳውን መለሰላትና ማርሽ አስገባ።

ከመርገጫው ወረደች። ትራክተሩ ትንሽ እንደሄደ ግን ወደ ውጭ ጠመዘዘና የድሮ የቤት መሠረት ድንጋይ ላይ ወጣ። ጓ! አለ ከሥሩ። ሞተሩ ያጓራል፤ ቢላዋዎቹ ግን ቆሙ።

«ምን ሆነ?»

«ቡሎኗ ተበጠሰች፣ ጓድ ሊቀመንበር። ድንጋይ ሲነካ እሷ እንድትበጠስ ነው የተሠራችው፤ አለዚያ ካምቢዮው ይሰበራል።»

«ሌላ ግጠማ!»

«የነበረችን እሷው ናት።»

«ብረት ወሽቅበትና ንዳ!»

«እሺ። ካምቢዮው ሲፈነዳ ግን እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ እላለሁ።»

ሽበሺ ማጨጃውን አየ፣ ገብረየስን አየ። በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር የሚባል ነገር ሊቀመንበርም አይምርም።

«ሴቶች! ማጭድ አንሱና በእጅ ጨርሱት! ልጆች፣ እናንተ ዙሪያውን ጠብቁ!»

ወርቄ ቀድማ ገባች። «መሃሉ የኔ ነው፤ ማንም እንዳይመጣብኝ!»

«ሣሩንም ለብቻሽ ልትይዢብን ነው?» አለች ሸዋዬ እየተከተለቻት።

ወርቄ ፈጠነች፤ ሸዋዬም ፈጠነች። ማጭድ ለማጭድ እየተሽቀዳደሙ ገቡ። አንድ ጭብጥ ሰንበሌጥ ሲጋደም ሁለቱም እኩል አዩት፤ በግንባሩ የተደፋ ልጅ፣ ላብ ጀርባው ላይ የለጠፈው ሸሚዝ፣ ጭቃ የነካው ባዶ እግር።

ሸዋዬ ቀና አለች። አፏ ተከፈተ። ወርቄ ልትለምናት ፈለገች፤ መለመን ግን ለምዳ አታውቅም።

«ምን አገኛችሁ?» አለ ሽበሺ ከወዲያ።

ሸዋዬ ልጁን አየችው። ማጅራቱን፣ ትከሻውን፣ እንደ ወፍ ጫጩት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውን ጎኑን።

«ድንጋይ ነው!» ብላ ጮኸች። «ማጭዴን ሰበረው!»

ጎንበስ ብላ ያጨደችውን በሙሉ እቅፍ አነሳችና ጀርባው ላይ አለበሰችው። ከዚያ ተንበረከከች፤ ብርድ እንዳይገባበት የምትሰጋ ይመስል ጫፉን ሳብ ሳብ አድርጋ ተረከዙን ሸፈነችለት።