ለሁለት ሰው የመጣ ቪዛ

አማቼ ጋሽ ገብረሚካኤል ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሳጥኑ ላይ አቁሜዋለሁ። ባለቤቴ ተፈራ ከጀርመን ሆኖ ያወራል። ቪዛው ለእኔና ለልጃችን ለሚልኪያስ ወጥቷል ይላል። ለሶስና አልወጣም።

«እሺ» እላለሁ። ቆርቆሮው ከሙቀቱ ብዛት ይንጣጣል፤ ላቤን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ስንጠብቀው የከረምነው ቀን ይኸው ነው። እልል የምል መስሎኝ ነበር።

አምና ኤምባሲው ለዲኤንኤ ምርመራ አዲስ አበባ ሲጠራን፣ ነርሷ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ሦስታችንም ጉንጭ ውስጥ አሽታ ወሰደች። ሶስና ኮረኮረኝ ብላ ሳቀች። ጥጡ የነገራቸው እኛ ደብቀነው የማናውቀውን ነገር ነው፤ ሶስናን አልወለድናትም። አባቷ የተፈራ ታናሽ ወንድም ፍቅሩ ነው፤ አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ ሱቁ በር ላይ ሞተ። እናቷ ቀድማ በወሊድ ሄዳለች። ሚልኪያስ ጠይም፣ ሶስና ቀይ መሆኗን እያየ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ልክ ነህ ብዬ አልፌዋለሁ።

ተፈራ እዚያ ገብቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ስንት ልጅ አለህ ቢሉት ሁለት አለ። አልዋሸም። እኛ አገር የሞተ ወንድሙን ልጅ ከልጁ ለይቶ የሚቆጥር ሰው፣ ለቅሶ ላይ እንኳ የሚጠጋው የለም። እነሱ ግን ለይተው ቆጠሩ።

አሁን ጠበቃው ያለውን እየነገረኝ ነው። ቪዛው ቀን አለው፤ ካለፈ ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ያኔ ደግሞ በዋሸ ሰው ዓይን ነው የሚያዩን። ለሶስና ይግባኝ ይባላል፣ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ምናልባትም አይሆንም። እስከዚያ አባባ አገር ቀወት፣ እሳቸው ዘንድ ትቆይ ይላል። የፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ይላል።

እስካሁን መሬት መሬቱን ሲያዩ የነበሩት አማቼ ቀና አሉ። ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ነው ወደ ስልኩ የሚናገሩት።

«ልጅቱን እኔ አይደለሁ የሰጠሁህ? ለቅሶው ላይ፣ የነፍስ አባታችን ባሉበት፣ አገሩ ሁሉ ተቀምጦ። እጇን ይዤ እጅህ ላይ አላኖርኩም?»

«አኑረዋል፣ አባባ።»

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

«ነግሬያቸዋለሁ። ወረቀቱ የታለ ይሉኛል።»

«ወረቀት አልነበረም» አሉ አማቼ። «ሰው ነበር።»

ተፈራ እያለቀሰ መሆኑን ከአተነፋፈሱ አወቅሁ። እኔ ግን እንባዬ አልመጣም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኛለሁ፤ እዚያ ቦታ የሆነ ነገር እየተደረገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አያመኝም።

«ዘኑ፣ ምን ትያለሽ?» ይላል ተፈራ።

ምን እላለሁ? ብሄድ ሶስናን ጥያት ነው። ብቀር ሚልኪያስ አባቱን በስልክ እያየ ያድጋል፤ አሁንም አባትህ የት ነው ሲሉት ወደ ሳጥኑ ነው የሚጠቁመው። አማቼ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው በሩን ያያሉ። እሳቸውም ፍረጂ ሊሉኝ አይፈልጉም።

ልጆቹ ሁለቱም ውጭ ናቸው ብዬ ነበር። ሚልኪያስ እውነትም ጎረቤት ግቢ ኳስ ሲጠልዝ ይሰማኛል። የጓዳው መጋረጃ ሲገለጥ ነው ሶስና ቤት ውስጥ እንደነበረች ያወቅሁት። ለጀርመን ብርድ ብዬ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁትን የወንድሟን ሹራብ እጅጌ በእጅጌ አጥፋ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ስልኩን አላየችውም፤ አያቷንም አላየችም።

«እትዬ» አለች፤ ለጎረቤት ሴት፣ ለባለሱቋ፣ ለአስተማሪዋ እንደምትለው። «የሚልኪያስን ሹራብ የትኛው ሻንጣ ውስጥ ላድርገው?»

እማዬ ብላኝ እንጂ በሌላ ጠርታኝ አታውቅም። ማንን እንደጠራች ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ያለው ግድግዳው ነው።