ወደ ኔካራው የሚወስደው የእግር መንገድ

«ውረጂ ብያለሁ!»

የከተማው ዘበኛ በትሩን ከፊተኛው ጎማ ላይ ጋርጧል። አዋላጇ አፖሎኒያ አልወረደችም። ሁለት የእንጨት ጎማ በተገጠመለት፣ መሬቱን በእግር እየገፉ በሚነዱት አግዳሚ ላይ እንደተፈናጠጠች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እግሮቿን መሬት ላይ ተክላ አፈጠጠችበት።

«ኔካራው መንደር ሴት ምጥ ላይ ናት። ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው። በትርህን አንሳ!»

«ከተማው አዋጅ አውጥቷል። የእግር መንገድ ለእግረኛ ነው። እንዲህ ያለው የሩጫ ማሽን በጋሪ መንገድ ይሂድ።»

የጋሪውን መንገድ አየችው። ዝናቡ አጨቅይቶታል፤ ሠረገላ የቦረቦረው ጉድጓድ ውሃ አቁሯል።

«እዚያ ውስጥ ልስጠም?»

«እንግዲያ በእግርሽ ሂጂ። እናትሽ በእግሯ አይደል ስታዋልድ የኖረችው?»

ቅርጫት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ቆመው ያያሉ። «ኧረ ጉድ!» አለች አንደኛዋ። «ሴት ልጅ እንዲህ እግሯን አንፈራጥጣ!» ተያይዘው ሳቁ።

የአፖሎኒያ ደም ፈላ። በረሃቡ ዓመት አጃ ጠፍቶ ፈረሷ ከሞተ ወዲህ፣ ምጥ ሲጠሯት በእግሯ ነበር የምትሮጠው። ባለፈው ወር አንዲት ወላድ ዘንድ ስትደርስ ቄሱ ቀድሟት አገኘችው። የሟቿ ባል አልሰደባትም፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ሠረገላ ሠሪው ባሏ ቫለንቲን የከተማው ጌቶች የሚነዱትን ማሽን አይቶ ይህን የጠረበላት በዚያው ሳምንት ነው።

«ትናንት የጌቶቹ ልጆች በዚሁ መንገድ ላይ፣ በእንዲህ ያለው ማሽን ሲፈነጩ ባርኔጣህን አንስተህ እጅ አልነሳህም? አዋጁ ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር?»

ዘበኛው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አፍሽን ሰብስቢ! ማሽኑን ወርሼዋለሁ!» አለና እጀታውን ሊይዝ በትሩን ከጎማው ላይ አነሳ።

መሬቱን በሁለት እግሯ ረገጠችው። ማሽኑ ተስፈነጠረ። ዘበኛው ወደ ጎን ዘለለ፣ አዳለጠውና ጭቃው ውስጥ በቂጡ ዘጭ አለ።

«ያዙልኝ! ያዟት!»

የያዛት የለም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ መሬቱን እንደ ጠላት ትረግጠዋለች። አዋጁን ትረግጣለች፤ የሴቶቹን ሳቅ ትረግጣለች። ጩኸቱ ከኋላዋ እየራቀ ሄዶ ጠፋ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። አንድ ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያያት አማተበና ከመንገዱ ወጣላት። የአንድ እግር ጫማዋ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። አልቆመችም።

ከወላዷ ደጃፍ ስትደርስ ማሽኑን አጥሩ ላይ ወርውራ ከአግዳሚው ጋር ያሰረችውን የማዋለጃ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ባለችበት ቀጥ አለች።

ቤቱ ጭር ብሏል።

«አይደረግም» አለች በጥርሷ መሃል። «ዛሬስ አይደረግም!»

በዚህ ጊዜ ከመስኮቱ የሴት ጩኸት ወጣ፤ ረጅም፣ የሚሰነጥቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው ጩኸት።

አፖሎኒያ የበሩን መቃን ደግፋ ቆመች፤ እንባዋ በጭቃ የተለወሰ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ጩሂ!» አለቻት ከውጭ ሆና። «ጩሂ የኔ እህት፣ በደንብ ጩሂ! መጥቻለሁ!»